ፉከራ የገባው ግጥም፣ ፉከራ ያልገባው ፊልም

ደብረ ብርሃን ላይ የጥቅምት ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል። አንድ ቅዳሜ ማታ አጎቴ ከመንዝ መጥተው እኛ ቤት አደሩ። በርኖሳቸውን ሳያወልቁ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የእህቴ ልጅ በፍላሽ ያስጫነውን ፊልም ከፈተ። ቆየት ያለ ፊልም ነው፤ «ቤውልፍ» ይባላል። የአማርኛ ትርጉም አለው። አንድ ሰው ብቻውን የሁሉንም ድምፅ ይዞ ታሪኩን እየተረከ ይሄዳል።

ፊልሙ በድግስ ይጀምራል። ትልቅ አዳራሽ፣ ሽማግሌ ንጉሥ፣ እየጮኸ የሚጠጣ ጦረኛ።

«ምንድነው የሚጠጡት?» አሉ አጎቴ።

«ጠጅ ነው ጋሼ።»

«ፈረንጅም ጠጅ ይጥላል?»

«ያኔ ይጥል ነበር። ከማር ነው።»

«እንግዲያ ግብር ላይ ናቸው በለኛ!»

ከዚያ በኋላ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም። ንጉሥ፣ ግብር፣ ጠጅ፣ የቀንድ ዋንጫ፣ ጌታው ፊት የተሰለፈ አሽከር። ይህን ሁሉ ያውቁታል።

ትንሽ ቆይቶ ቤውልፍ በመርከብ ደረሰ። ንጉሡን ጭራቅ አስቸግሮታል። ቤውልፍ የመጣው ጭራቁን እገድልልሃለሁ ሊል ነው። ተርጓሚው እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛው ወጣ አለና «ዘራፍ!» ብሎ ጀመረ። አጎቴ ቀና አሉ። ቀኝ እጃቸው ከበርኖሱ ውስጥ ወጣ። የእህቴ ልጅ እኔን አየኝ፤ ሁለታችንም ዝም አልን።

አንድ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ግን ነገሩ ተበላሸ። ቤውልፍ የጭራቁን እናት ሊገድል ዋሻ ገባ። እሷ በቆንጆ ሴት ተመስላ ቀረበችው። አልገደላትም። ተዋዋሉ፤ አብሯትም ተኛ። ወደ አዳራሹ ተመልሶ «ገደልኳት» አለ።

«ዋሸ እንዴ?» አሉ አጎቴ።

«አዎ።»

«በንጉሥ ፊት ፎክሮ?»

«አዎ ጋሼ። ፊልሙ እንደዚያ ነው የሚለው።»

ሌላ ነገር አልተናገሩም። መቁጠሪያቸውን አወጡ። ፊልሙ እስኪያልቅ ቀና ብለው አላዩትም።

እኔ ያን ማታ ፊልሙን ሳየው ሦስተኛዬ ነበር። ስለ ምስሉም ስለ ትወናውም የራሴ ሐሳብ ነበረኝ። የአጎቴ ጥያቄ ግን ከሐሳቤ ሁሉ በታች ገብቶ ተቀመጠ። ከሰሞኑ ፊልሙ የተሠራበትን ጥንታዊ ግጥም በዘመናዊ እንግሊዝኛ ትርጉሙ ደግሜ አነበብኩት። አጎቴ የተከፉት፣ ግጥሙ ራሱ ሰው ቢሆን ኖሮ በሚከፋበት ቦታ ነው። ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ይህ ነው።

ግጥሙን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። «ቤውልፍ» በጥንታዊ እንግሊዝኛ የተጻፈ፣ 3182 ስንኝ ያለው ተረክ ነው። ገጣሚው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ቋንቋው የእንግሊዝ ይሁን እንጂ ታሪኩ የሚፈጸመው በዴንማርክና በደቡብ ስዊድን ነው። የቀረው የብራና ቅጂ አንድ ብቻ ነው። የተጻፈውም እ.ኤ.አ. በ1000 ገደማ ነው። በ1731 ለንደን ውስጥ የተቀመጠበት ቤት ተቃጠለ። ብራናው ከእሳት ተረፈ፤ ጠርዙ ግን ተለበለበ። ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል። እኛ አገር ከቤተ ክርስቲያን ጋር አብሮ የነደደ ብራና ስንት እንደሆነ የሚያስብ ሰው፣ የዚያ የተለበለበ ጠርዝ ነገር ልቡን ይነካዋል። አንዲት ቅጂ ባትወጣ ኖሮ ዛሬ ቤውልፍ የሚባል ስም የሚያውቅ ሰው ባልኖረ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የዴኖች ንጉሥ ሮትጋር ሄኦሮት የሚባል ታላቅ አዳራሽ ያሠራል። ግሬንደል የሚባል ጭራቅ ማታ ማታ እየመጣ ሰው ይበላል። ይህ 12 ዓመት ይቀጥላል። ቤውልፍ ጌያት ከሚባል ሕዝብ ተነሥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል። ግሬንደልን ያለ መሣሪያ ገጥሞ ክንዱን ይገነጥለዋል። የጭራቁ እናት ልትበቀል ትመጣለች። ቤውልፍ ውኃ ውስጥ ጠልቆ፣ ዋሻዋ ውስጥ ባገኘው ጥንታዊ ሰይፍ ይገድላታል። አገሩ ይገባል። ውሎ አድሮ ይነግሣል፤ 50 ዓመት ይገዛል። በመጨረሻ አንድ ሰው ከዘንዶ ጉድጓድ ዋንጫ ይሰርቃል። ዘንዶው ተቆጥቶ አገር ያቃጥላል። ሽማግሌው ንጉሥ ዘንዶውን ይገጥማል፤ ይገድላል፤ ራሱም ይሞታል።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2007 ወጣ። ዳይሬክተሩ ሮበርት ዜሜኪስ ነው። ድርሰቱን የጻፉት ኒል ጌይማንና ሮጀር አቫሪ ናቸው። ሬይ ዊንስተን ቤውልፍን፣ አንቶኒ ሆፕኪንስ ንጉሡን፣ አንጀሊና ጆሊ የጭራቁን እናት ሆነው ይጫወታሉ። ተዋንያኑ ፊታቸውና ሰውነታቸው ላይ ምልክት ተለጥፎባቸው ተጫወቱ፤ ኮምፒውተር እንቅስቃሴያቸውን ቀድቶ ሥዕል አደረገው። ዊንስተን ያኔ ዕድሜው 50 የደረሰ፣ ደልደል ያለ ሰው ነው። ፊልሙ ላይ ግን ጡንቻው የተወጠረ ጎረምሳ ሆኖ ይታያል።

አሁን ወደ ፉከራው ልመለስ።

አማርኛ ጉራንና ፉከራን ይለያል። ጉራ ባዶ ነው፤ ተናጋሪው ላይ ምንም አይጥልበትም። ፉከራ ዕዳ ነው። ፎካሪው ያለፈ ጀብዱውን የሚቆጥረው ለሚመጣው ዋስ እንዲሆነው ነው። የአባቱን ስም ይጠራል። የጌታውን የፈረስ ስም ይጠራል፤ «የአባ ዳኘው አሽከር» እንደሚባለው። ስሙን ብቻውን አያስይዝም፤ የአባቱንም የጌታውንም ስም አብሮ ያስይዛል። ፎክሮ የቀረ ሰው ሦስት ስም ነው የሚያዋርደው።

የአጎቴ አባት የአምስቱ ዓመት አርበኛ ነበሩ። መንዝና ቡልጋ ራስ አበበ አረጋይን ተከትሎ ዱር የገባ ሰው የበዛበት አገር ነው። አጎቴ ስለ አባታቸው የሚነግሩን አንድ ነገር አለ። ሰርግ ቤት ነው። አባታቸው ተነሥተው ፎከሩ። ቁጭ አሉ። እናታቸው ከሴቶቹ መካከል ብድግ ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። በነጋታው በሶ ተፈጭቶ፣ ስንቁ ተቋጥሮ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። «ትሄዳለህ ወይ?» ብለው አልጠየቁም። ፎክሯልና ጥያቄው አልቋል።

የእንግሊዙ ግጥም ይህን በሚገባ ያውቃል። ቤውልፍ ዴንማርክ ሲደርስ ራሱን በስሙ አይጀምርም። እኛ የሂገላክ የማዕድ ተካፋዮች ነን ይላል። ሂገላክ ንጉሡ ነው። በእኛ ቋንቋ ግብር በላ መሆናቸውን መናገሩ ነው። ከዚያ ስሙን ይናገራል። ማታ በግብሩ ላይ ንግሥቲቱ ዋንጫ ይዛ ትዞራለች። ቤውልፍ ዋንጫውን ይቀበልና ይፎክራል፤ ወይ የእናንተን ሕዝብ ፈቃድ እፈጽማለሁ፣ ወይ በዚሁ አዳራሽ ውስጥ የመጨረሻ ቀኔን አያለሁ ይላል። ንግሥቲቱ ቃሉን ወደደችው፤ ሄዳ ከባሏ አጠገብ ተቀመጠች። ይህን ሳነብ በሶው ነው የታሰበኝ። ሁለቱም ሴቶች ቃሉን እንደተፈጸመ ነገር ወሰዱት።

ፊልሙ ይህን ሁሉ ጉራ አደረገው። በጣም የሚያሳዝነኝም እዚህ ላይ ነው። ግጥሙ ላይ ኡንፈርት የሚባል የንጉሡ ሰው ጠጅ ይሞቀውና ቤውልፍን ይተነኩሰዋል። ከብሬካ ጋር በዋና ተወዳድረህ ተሸንፈሃል ይለዋል። ቤውልፍ ይመልስለታል፤ በዚያ ዋና 9 የባሕር አውሬ ገድያለሁ ይላል። ግጥሙ ይህን እንደ እውነት ይቀበለዋል። ፊልሙ ላይ ግን ቤውልፍ ይህንኑ ሲተርክ፣ የገዛ ጓደኛው ባለፈው ሦስት ነበሩ ይላል። ምስሉ ደግሞ ቤውልፍ የደበቀውን ያሳየናል፤ ባሕር ውስጥ ከአንዲት ውብ ፍጡር ጋር ሲዳራ እናያለን። ተመልካቹ ገና ከመነሻው እንዲጠረጥረው ተደርጓል። ስለዚህ በኋላ ዋሻ ውስጥ ሲወድቅ አይደንቀንም። ድሮስ ጉረኛ አይደል እንላለን።

ፎካሪ ቃሉን ሲበላ ያስደነግጣል፤ ጉረኛ ሲዋሽ ግን ማንም አይደነግጥም። አጎቴ የደነገጡት ተርጓሚው በአማርኛ «ዘራፍ» ስላለ ነው። አንድ ቃል ፉከራውን መለሰላቸው፤ ከዚያ ውሸቱ መጣ። እንግሊዝኛውን ብቻ የሚሰማ ተመልካች ያን ድንጋጤ አያገኘውም። በቀበሌያችን ፊልም ቤቶች የሚሸጠው የትርጉም ፊልም ብዙ ጊዜ ይተቻል። ያን ማታ ግን ተርጓሚው ለግጥሙ ከፊልሙ ይልቅ ታምኗል ብዬ አምናለሁ።

ለጸሐፊዎቹ ፍትሐዊ ልሁን። ለውጡን ያመጡት እንዲሁ ሊያበላሹ ብለው አይደለም። ግጥሙ ላይ ቤውልፍ ከዋሻው ሲወጣ ይዞ የመጣው የግሬንደልን ራስ ነው እንጂ የእናቱን አይደለም። ትግሉን ያየ ምስክር የለም። ጸሐፊዎቹ ይህን ክፍተት አዩና ጠየቁ፤ ለምን የእሷን ራስ አላመጣም? እውነት ገድሏታል? ጥያቄው ብልህ ነው። መልሳቸውም አንድ ሙሉ ሰንሰለት ሠራላቸው። በፊልሙ የግሬንደል አባት ራሱ ሮትጋር ነው። እሱም በወጣትነቱ ከዚያችው ፍጡር ጋር ወድቋል። በኋላ የሚመጣው ዘንዶ ደግሞ የቤውልፍ ልጅ ነው። ሁለቱ ነገሥታት ያቃጠላቸው እሳት ከገዛ ራሳቸው የወጣ ነው። በግጥሙ ቤውልፍ ልጅ ሳይወልድ ነው የሚሞተው፤ የጦር ልብሱን የሚያወርሰው ልጅ እንደሌለው እያዘነ። ፊልሙ ይህን ገልብጦ፣ የማይነገር ልጅ ሰጠው።

ኃጢአት ልጅ ሆኖ ይመለሳል የሚለው ሐሳብ ያስበረግጋል። ንጉሥ የደበቀውን ነገር አገር ይከፍልበታል የሚለውም እውነት አለው። በዚህ ፊልሙን አደንቀዋለሁ።

ሌላም የማደንቀው ነገር አለ። ግጥሙ ግሬንደልን የሚያሳምመው የአዳራሹ ደስታ እንደሆነ ይናገራል። በየቀኑ በገናውን ይሰማል፤ ገጣሚው ዓለም እንዴት እንደተፈጠረች ሲዘምር ይሰማል። ጨለማ ውስጥ ሆኖ ይህን መስማት ያንገበግበዋል። ፊልሙ ይህን ወስዶ ግሬንደልን የጆሮ ሕመምተኛ አደረገው። የጆሮው ታምቡር ውጭ ላይ ተወጥሮ ይታያል። ጦረኞቹ ሲዘፍኑና ጠረጴዛ ሲደበድቡ ታምቡሩ ይርገበገባል፤ እሱ ራሱን ይዞ ይንፈራገጣል። ግጥሙ በቃል ያለውን ፊልሙ በሥጋ አሳየ። ሲያለቅስም እንደ ሕፃን ነው። የእህቴ ልጅ «ያሳዝናል» አለ። እኔም አዘንኩለት። አፈ ታሪክን ወደ ፊልም መቀየር ማለት እንዲህ ነው። ለውጡ ትልቅ ነው፤ የግጥሙን ሕመም ግን አልጣለውም።

ገበያው የጫነበት ነገርም አለ። ፊልሙ ወደ 150 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል። በዓለም ዙሪያ ያስገባው 200 ሚሊዮን አልሞላም። ከዚያ ላይ ሲኒማ ቤቶች ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ይህን ያህል ገንዘብ የፈሰሰበት ሥራ ተመልካች እንዳያመልጠው ይፈራል። ግጥሙ ላይ የግሬንደል እናት አስፈሪ ናት፤ ልጇ የተገደለባት እናት ናት። ፊልሙ የአንጀሊና ጆሊን ገላ በወርቅ ቀብቶ አመጣት፤ እግሯ እንኳን እንደ ታኮ ጫማ ተሠርቷል። በዚህ የጠፋው ሐዘኗ ነው። ደም መላሽ እናት መሆኗ ተረሳ። የሟች እናት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለሰሜን ሸዋ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ይህ አገር በቅርብ ዓመታት ስንት የሐዘን ድንኳን እንደተከለ እናውቃለን።

ስለ ዓይናቸውም ልናገር። ኮምፒውተሩ ጡንቻ ቀዳ፤ የሽማግሌውን የቆዳ መጨማደድ ቀዳ። ዓይን ላይ ሲደርስ ግን ተሸነፈ። ሆፕኪንስ በሌሎች ፊልሞቹ ዝም ብሎ በማየት ብቻ ሰው ያንቀጠቅጣል። እዚህ ፊልም ላይ ዓይኑ መስታወት ነው። አጎቴም አይተውታል፤ ገና ፊልሙ ሲጀመር «ሰዎቹ አይተያዩም» ብለው ነበር። ያኔ ልብ አላልኩትም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የምከራከረው ግን ፊልሙ ስለ ሃይማኖት በሚለው ነገር ነው።

በፊልሙ ሁለተኛ ክፍል ቤውልፍ አርጅቷል። የጀግኖች ዘመን ሞቷል ይላል። የገደለውም የክርስቶስ አምላክ እንደሆነ ይናገራል፤ ለሰው ልጅ የተረፈው የሚያለቅስ ሰማዕት፣ ፍርሃትና እፍረት ብቻ ነው ይላል። ይህ የፊልሙ ገጸ ባሕርይ ንግግር ነው፤ ሆኖም ፊልሙ ሙሉውን እንደዚያ አድርጎ አይቶታል። ጀግና በአንድ በኩል፣ ሰማዕት በሌላ በኩል። አንዱ ሲመጣ ሌላው ይሄዳል።

ግጥሙ ግን እንደዚያ አላየውም። ገጣሚው ክርስቲያን ነው። ግሬንደልን ከቃየል ዘር ይቆጥረዋል። ሽማግሌው ሮትጋር ቤውልፍን ቁጭ አድርጎ ስለ ትዕቢት ይመክረዋል፤ ጉልበትህ ዛሬ አለ፣ ነገ በሽታ ወይ ሰይፍ ይወስደዋል ይለዋል። ጀግናው ሽማግሌውን ይሰማል። ፉከራና ምክር በአንድ አዳራሽ ውስጥ ይኖራሉ።

አማርኛ ደግሞ ለዚህ ነገር አንድ ቃል አለው፤ ገድል። የጻድቅ ሕይወት የተጻፈበት መጽሐፍ ገድል ነው። የአርበኛ ጀብዱም ገድል ነው። ጻድቁ ተጋደለ እንላለን፤ አርበኛውም ተጋደለ እንላለን። ቃሉ ከግዕዝ ነው፤ ትግል ማለት ነው። አያቶቻችን ሰማዕቱንና ጀግናውን በሁለት ቃል አልለዩዋቸውም። ሲዘምቱ ታቦት ይዘው ነው። የፎከረው ሰው ረቡዕና ዓርብ ይጾማል። አጎቴ በአንድ ማታ «ዘራፍ» ሲባል እጃቸውን አወጡ፣ በዚያው እጅ መቁጠሪያ ያዙ። ፊልሙ እንደዚህ ያለ ሰው በዓለም ላይ መኖሩን አያውቅም። ግጥሙ ያውቀዋል።

ይህን ሁሉ ዛሬ የማነሣው ለአንድ የ2007 ፊልም ብዬ ብቻ አይደለም። ያኔ 150 ሚሊዮን ዶላር የጠየቀ ሥዕል ዛሬ በስልክ ይሠራል። ቲክቶክና ዩቲዩብ ላይ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠሩ ነገሥታት፣ ጦርነቶችና ተአምራት ሞልተዋል። ከእኛው ከተማ ልጆች አንዱ የደብረ ብርሃንን ብርሃን ሠርቶ አሳየኝ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ሥራውም ያምራል። ሰማዩ ይሰነጠቃል፤ ብርሃን ይወርዳል፤ ንጉሡ እጁን ይዘረጋል። ሙዚቃው ከፍ ይላል። አለቀ።

እኔ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው። «ድንጋዩስ?»

የከተማችን ስም የመጣበት ታሪክ ሁለት ጫፍ አለው። በ15ኛው መቶ ዓመት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉትን መነኮሳት በድንጋይ አስወገሩ። ከ38 ቀን በኋላ ብርሃን በሰማይ ታየ። ንጉሡ እግዚአብሔር ሥራዬን ወደደልኝ ብሎ ቤተ ክርስቲያን አሠራ፤ ቤተ መንግሥቱንም እዚህ ተከለ። ብርሃኑ እ.ኤ.አ. በ1456 የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሊሆን ይችላል የሚሉ የታሪክ ሰዎች አሉ። ብርሃኑን ብቻ ይዞ ድንጋዩን የጣለ ሥራ ውብ ፖስትካርድ ይሆናል። ድንጋዩን ብቻ ይዞ ብርሃኑን ያላገጠበትም ሕዝብ ለዘመናት የጸለየበትን ነገር ይረግጣል። የታሪኩ ክብደት ያለው ሁለቱ በተቋጠሩበት ላይ ነው። የቤውልፍ ጸሐፊዎች ሰው አላየም ተብሎ የታለፈውን ቦታ መጠየቃቸው እዚህ ይጠቅመናል። ጥያቄያቸውን እንውሰድ፤ መልሳቸው የእነሱ ነው።

ሌላም ምሳሌ ልጨምር፤ ከዚሁ ከሰሜን ሸዋ። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገድል ስለ ሞተለሚ ይተርካል። የዳሞት ንጉሥ ነው። ሸዋን ወረረ። ቡልጋ ጽላልሽ ደርሶ የካህኑን የጸጋ ዘአብን ሚስት እግዚእ ኀረያን ማረከ። ሊያገባት ድግስ አስደገሰ። ቅዱስ ሚካኤል በክንፉ ይዞ ወደ አገሯ መለሳት። ጻድቁ የተወለዱት ከዚያ በኋላ ነው። ገድሉ በዋልድባና በደብረ ሊባኖስ በተጻፉት ቅጂዎቹ መካከል ልዩነት አለው። አፈ ታሪክም ገድልም ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ እንደሚለወጥ አባቶች ያውቁ ነበር። ስለዚህ ለውጥ ሁሉ ነውር ነው አልልም።

ግን አንድ የንግድ ፊልም ሠሪ ይህን ታሪክ ቢይዘው ምን እንደሚያደርግ አሁኑኑ ይታየኛል። የተማረከች ቆንጆ አለች። ክፉ ንጉሥ አለ። ያደገ ልጅ አለ። ማስታወቂያው ላይ ሰይፍ ይብለጨለጫል። ልጁ እናቱን የደፈረውን ንጉሥ ፈልጎ አንገቱን ይቆርጣል። ታዳሚው ያጨበጭባል።

ገድሉ ግን በዚያ አያልቅም። ልጁ አድጎ ዳሞት ይወርዳል። ሞተለሚን ያገኘዋል። ያስተምረዋል፤ ያጠምቀዋል። እናቱን የማረከውን ሰው ልጁ ነው ከውኃ የሚያወጣው። ይህን ትዕይንት አስቡት። ሽማግሌው ንጉሥ ውኃው ውስጥ ቆሟል። የዚያች ሴት ልጅ እጁን ራሱ ላይ ጭኗል። ከየትኛውም የዘንዶ ጦርነት የሚበልጥ ትዕይንት ነው። አስቸጋሪም ነው። ዓይን ይፈልጋል፤ ሁለት ሰዎች እውነት መተያየት አለባቸው። ይህን ታሪክ የሚነካ ወጣት ካለ፣ ለዚህች አንድ ትዕይንት ብሎ ሌላውን ሁሉ ቢያሳጥር ደስ ይለኛል።

በማግስቱ እሑድ አጎቴን ወደ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። ከቅዳሴ መልስ ነው። ፀሐይ ወጥታለች፤ ብርዱ ግን አልለቀቀም። መኪናው እስኪሞላ ሻይ ቤት ገባን። ነገሩ ስላልወጣልኝ፣ ግጥሙ ላይ ያለውን መጨረሻ ነገርኳቸው። ፊልሙ የዘለለውን።

«ግጥሙ ላይ አልዋሸም ጋሼ። ገድሏታል። ከዚያ 50 ዓመት ነገሠ። ሲያረጅ ዘንዶ መጣበት። ጭፍሮቹን ይዞ ሄደ። ውጊያው ሲከፋ ሁሉም ጫካ ገቡ። ዊግላፍ የሚባል አንድ ወጣት ብቻ ቀረ።»

«አንድ?»

«አንድ። ለሌሎቹም ተናገራቸው። ጠጅ በጠጣንበት አዳራሽ፣ ይህን የጦር ልብስ ላለበሰን ጌታ፣ ክፉ ቀን ቢመጣበት ውለታውን እንመልሳለን ብለን ነበር አላቸው።»

አጎቴ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አሉ።

«የሸሹት ስንት ናቸው?»

«አሥር።»

«ስማቸው ተጽፏል?»

«አልተጻፈም።»

«ደግ አድርጓል ጸሐፊው» አሉ። «ልጆች ይኖሯቸዋል።»

ረዳቱ «መሐል ሜዳ! መሐል ሜዳ!» እያለ ተጣራ። በርኖሳቸውን አስተካክለው ተነሡ።